የቼሳፒክ ኦይስተር ሊዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ተቀምጬ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «ኦይስተር አረባለሁ» ካልኩ መጀመሪያ ሳቅ ነው። (ኦይስተር በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር፣ ሰው የሚበላው የባሕር እንስሳ ነው።) ሳቁ ሲበርድ «ቆይ ግን፣ ባሕሩ የማን ሆኖ ነው?» ይመጣል። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ ተቀጥሬ፣ በኋላ ከሸሪኬ ጋር በራሳችን ሊዝ ላይ ስሠራ ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። በብዛት የማወራው ስለ አሜሪካዋ ሜሪላንድ ስቴት ነው፤ ቨርጂኒያን መጨረሻ አካባቢ እነካታለሁ። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዓሣ አጥማጅ ሊዝ የለውም። ኦይስተር ለምን ሊዝ ያስፈልገዋል?

ዓሣ ይሄዳል፣ ኦይስተር ይቀመጣል። ገና እንደተፈለፈለ ሁለት ሦስት ሳምንት ይዋኛል፤ ከዚያ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። የሚመርጠው የሞተ ኦይስተር ዛጎል ነው። አንዴ ከተለጠፈ ዕድሜውን በሙሉ ከዚያ ንቅንቅ አይልም፤ ውሃውን እያጣራ እዚያው ያድጋል። ለገበያ የሚደርሰው ከዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ዘሩን ገዝተው፣ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሁለት ዓመት ጠብቀው ሲመለሱ ሌላ ሰው ጭኖት ቢሄድስ? ቦታው የእርስዎ ካልሆነ እንስሳውም የእርስዎ አይደለም። የሊዝ ሕግ የመጣው ከዚህ ነው።

እሺ፣ ባሕሩ የማን ነው?

ከባሕሩ በታች ያለው መሬት የስቴቱ ነው፤ ስቴቱ ደግሞ ለሕዝቡ በአደራ የያዘው ነው። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በአማካይ ግን 6 ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ጥልቀት ያለው ባሕረ ሰላጤ ነው። ሰሜኑ የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው።

ጠቡ የቆየ ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሜሪላንድ ብቻዋን በዓመት 15 ሚሊዮን ቡሽል (የቅርጫት መስፈሪያ) ገደማ ኦይስተር ታወጣ ነበር። ያን ያህል ሀብት ያለበት ውሃ ጠመንጃም ይስባል። በ1868 ስቴቱ ኦይስተር የሚጠብቅ የራሱን የባሕር ኃይል አቋቋመ፤ ዛሬ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ የሚባለው የዚያ ዘር ነው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ እስከ 1959 ድረስ በኦይስተር ምክንያት ሰው ተገድሏል። ሁለቱ ስቴቶች ወንዙን አብረው የሚያስተዳድሩበት አዲሱ ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ነው። አሁን ጥይት የለም፤ ጠበቃ አለ።

ሊዝ ሲባል እንደ አዲስ አበባ መሬት በጨረታ ነው?

አይደለም። ጨረታ የለም። ቦታውን ፈልገው የሚያገኙት እርስዎ ነዎት፤ ማዕዘኖቹን በጂፒኤስ ለክተው ለሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ያመለክታሉ። ኮር ኦፍ ኢንጂነርስ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም የራሱን ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ማመልከቻው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ሊዙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የወለል ሊዝ ነው፤ ግልገል የተለጠፈበትን ዛጎል ወለሉ ላይ በትነው ያሳድጋሉ። ሁለተኛው የውሃ ሊዝ ነው፤ ኦይስተሩ በሽቦ ኬጅ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዴም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያድጋል። ሁለቱም ለ20 ዓመት ይሰጣሉ። ኪራዩ ለወለሉ በኤከር በዓመት 3.50 ዶላር፣ ለውሃው 25 ዶላር ነው። አንድ ኤከር ከ4 ሺህ ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። «በሦስት ዶላር ተኩል መሬት!» ብሎ የሚጮህ ዘመድ አለኝ። አሁንም ያው እላለሁ፦ ኪራዩ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ገንዘብ የሚበላው ዘሩ፣ ኬጁ፣ ጀልባውና ጉልበቱ ነው።

ሊዙን ካገኘሁ ቦታውን ማጠር እችላለሁ?

አይችሉም። እንግዳ ሰው ሁልጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የተሰጠዎት ኦይስተሩን የማርባትና የማውጣት መብት ነው፤ ውሃው የሁሉም ሆኖ ይቀራል። ሰው በጀልባ ያልፍበታል፣ በመቃጥን ዓሣ ያጠምድበታል፣ ልጆች ካያክ እየቀዘፉ ኬጅዎ አጠገብ ቆመው «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። ማዕዘኖቹ ላይ ምልክት ማቆም ግን ግዴታዎ ነው፤ ማዕበል ሲወስደውም መልሶ ማቆም።

የትኛውን ቦታ መጠየቅ ይቻላል?

የማይቻለውን ብናገር ይቀላል። ለሕዝብ ኦይስተር አውጪዎች ከተከለለ ቦታ 150 ጫማ (46 ሜትር ያህል) መራቅ አለብዎት፤ ከፌዴራል የመርከብ መስመርም እንዲሁ። የውሃ ዳር ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ ከባሕሩ ዳርቻና ጀልባ ከሚታሰርበት መትከያው 50 ጫማ መራቅ ግድ ነው። አፉ ከ300 ጫማ የሚጠብ ትንሽ ወሽመጥ ውስጥም አይፈቀድም።

ከዚያ የውሃ ሣር አለ። የሸርጣንና የዓሣ ግልገል የሚያድገው በዚህ ሣር ውስጥ ስለሆነ፣ ሣር የበቀለበት ቦታ ለሊዝ አይሰጥም። የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም የባሕረ ሰላጤውን ሣር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሳ ካርታ ያወጣል፤ መምሪያው የሚያየው ያንን ካርታ ነው። የሚያስቀው፣ ውሃው እየጠራ ሲሄድ ሣሩ ወደ እርስዎ ሊዝ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሣሩ ባለበት በኩል አዲስ ነገር ለመትከል የመምሪያውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለባሕሩ ደስ ይበለው፤ ለእኛ ራስ ምታት ነው።

የድሮ ካርታም ይገጥምዎታል። ከ1906 እስከ 1912 ዬትስ የሚባል ባለሙያ የሜሪላንድን የተፈጥሮ ኦይስተር ክምሮች አንድ በአንድ ለክቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም «ዬትስ ባር» እየተባለ ይጠቀሳል። ብዙዎቹ ላይ ዛሬ አንድ ኦይስተር የለም፤ ጭቃ ነው። መስመሩ ግን ወረቀቱ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላይ ካለ ክርክር ውስጥም አለ።

ጎረቤቶች ለምንድን ነው የሚቃወሙት? ኦይስተር ውሃ ያጸዳ የለም እንዴ?

ያጸዳል። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 50 ጋሎን (190 ሊትር ገደማ) ውሃ ያጣራል ይባላል። ግን ማንም ሰው ከመስኮቱ ፊት ለፊት መቶ ጥቁር ተንሳፋፊ ሳጥን እንዲደረደር በዚህ ምክንያት ብቻ አይስማማም።

የውሃ ዳር ባለቤቶቹን መረዳት ቀላል ነው። ቤቱን የገዙት ለእይታው ነው፤ ግብሩንም ለእይታው ይከፍላሉ። ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የጀልባ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕና ዛጎል የሚንኳኳበት ድምፅ ይመጣል። ልጆቻቸው በጎማ ላይ ተቀምጠው በጀልባ የሚጎተቱበት ቦታ ይጠብባል። ሀብታም ስለሆኑ ብቻ ጥያቄያቸውን የሚንቅ አርቢ አይቻለሁ፤ አልጠቀመውም።

ይበልጥ የሚከብደኝ የሸርጣን አጥማጆቹ ነገር ነው። በሜሪላንድ ወሽመጦች ውስጥ ሸርጣን የሚያዘው ትሮትላይን በሚሉት ገመድ ነው። ብዙ መቶ ሜትር የሚሆን ገመድ፣ በየጥቂት ጫማው የዶሮ አንገት ወይም ሌላ ማጥመጃ ታስሮበት ወለሉ ላይ ይዘረጋል። ጀልባዋ ገመዱን በጎኗ ባለ ጥቅልል ላይ እያሳለፈች በዝግታ ትሄዳለች፤ ሸርጣኑ ማጥመጃውን እንደያዘ ወደ ላይ ይመጣል፣ አጥማጁ በመረብ ማንኪያ ይቀልበዋል። ይህ ሥራ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀጥ ያለ ባዶ ወለል። አንድ ረድፍ ኬጅ መሐሉ ላይ ካረፈ ያ መስመር ጠፋ። አባቱና አያቱ ገመድ የዘረጉበት መስመር ነው፤ ግን በስሙ የተጻፈ ወረቀት የለውም። ወረቀቱ ያለው እኔ ጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ።

በሁለተኛው ዓመታችን የሆነውን ልንገራችሁ። በጥቅምት ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ ነፋስ የአንዱን ማዕዘን ቡይ (ተንሳፋፊ ምልክት) ከነመልሕቁ ጎትቶ ወሰደው። ሦስት ቀን ሳናየው ቆየን። በአራተኛው ቀን የአንድ ሽማግሌ ሸርጣን አጥማጅ ገመድ ከኬጃችን ጋር ተጠላልፎ ተበጠሰ። ሰውየው አልጮኸም፤ የተበጠሰውን ገመድ ጠቅልሎ የጀልባችን መቀመጫ ላይ አስቀምጦልን ሄደ። ገመዱ ላይ አሁንም የዶሮ አንገት ታስሮ ነበር። ሸሪኬ ገመዱን ከፍሎ በማግስቱ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኬጆቹን በሁለት ረድፍ አጥብበን፣ በአንድ በኩል 30 ሜትር ያህል ባዶ ተውንለት። ሊዙ ውስጥ ነው፣ ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ነን። ይሁን። ዛሬ ቡይ ሲነቃነቅ መጀመሪያ ስልክ የሚደውልልን እሱ ነው።

ዋተርመን የሚባሉት፣ ማለትም የተፈጥሮ ኦይስተር በሕዝብ ቦታ የሚያወጡት፣ ሌላ ቅሬታ አላቸው። እነሱ የሚሠሩት ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 31 ነው፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ እንሸጣለን። «የጋራውን በጥቂቱ እየሸነሸኑ ለባለ ገንዘብ እየሰጡት ነው» ይላሉ። ግማሹ ልክ ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው ሊዝ እየወሰዱ መሆናቸው ነው።

ዳክዬ አዳኞችንም አይርሱ። በብርዱ ወራት ፈቃድ ያለው የአደን መደበቂያ ባለበት ፊት ለፊት ኬጅ ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ሰው ከተቃወመ ምን ይሆናል?

ማመልከቻው በአካባቢው ጋዜጣ ይታወጃል፤ ፊት ለፊት ላሉት ባለቤቶችና አጠገብ ላሉት ሊዝ ባለቤቶችም ይነገራል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ 30 ቀን አለ። በዚያ ጊዜ ሰው ሕዝባዊ የማብራሪያ ስብሰባ እንዲጠራ መጠየቅ ይችላል። መደበኛ ተቃውሞ ማስገባት የሚችለው ግን ከማንኛውም ሰው የተለየ፣ የራሱ የሆነ ጥቅም ወይም መብት የሚነካበት ሰው ነው። «አስቀያሚ ነው» ብቻ አይበቃም፤ «ከመትከያዬ ወጥቼ ወደ ጥልቁ የምሄድበትን መንገድ ይዘጋል» ግን ይበቃል። ከዚያ ጉዳዩ ወደ አስተዳደር ዳኛ ይሄዳል፣ በዚያ ያልረካ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይወስደዋል።

ጊዜው ይረዝማል። ክርክር ያለበት ማመልከቻ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ እርስዎ በዚያ ጊዜ ሁሉ አንድ ኦይስተር አልዘሩም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት በር አንኳኩ። ካርታውን ይዘው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ የሚሰጡዎትን ቡና ጠጡ፣ ቢቀጥንም። ሁለት ኤከር ወደ ግራ ማዛወር ወረቀቱ ገና እጅዎ ላይ እያለ ነፃ ነው።

ሊዙን ወስጄ ለጊዜው ባስቀምጠውስ?

ይወሰድብዎታል። ከ2009 በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ሊዝ ይዞ ምንም ሳይዘራ ለልጅ የሚያወርስ ብዙ ነበር፤ በአንዳንድ ካውንቲዎች ደግሞ አዲስ ሊዝ ጭራሽ ክልክል ነበር። የ2009 ሕግ ሁለቱንም ቀየረው። አሁን በየዓመቱ መዝራት፣ የዘሩትንና ያወጡትን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ያለ መምሪያው ፈቃድ አይሆንም። በዚህ ላይ እኔ ከመንግሥት ጎን ነኝ፤ የጋራ ውሃ ላይ ተይዞ የተቀመጠ ባዶ ቦታ ማንንም አይጠቅምም።

ዝናብ ሲዘንብ መሸጥ የማትችሉት ለምንድን ነው?

ኦይስተር የሚያጣራው ውሃው የያዘውን ሁሉ ነው፤ ሰውም ብዙውን ጊዜ በጥሬው ይበላዋል። በ1924 በአሜሪካ ከኦይስተር ጋር የተያያዘ የታይፎይድ ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ ነው በዓመቱ አገር አቀፍ የቁጥጥር ሥርዓት የተጀመረው። በሜሪላንድ ውሃውን የሚመድበው የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ ነው፦ የተፈቀደ፣ በሁኔታ የተፈቀደ፣ የተገደበ። «በሁኔታ» የሚባለው ላይ ከሆኑ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከዘነበ ለሦስት ቀን ማውጣት ይዘጋል። ዓርብ ማታ ዘንቦ የቅዳሜ ትዕዛዝ ሲሰረዝ ለሼፉ የሚደውለው እኔ ነኝ፤ ደስ አይልም። ሊዝ ከመምረጥዎ በፊት የውሃውን ምድብ ካርታ ይዩ።

ሰመር ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ በሞቀ ውሃ ይራባል፤ ስለዚህ ከውሃ የወጣ ኦይስተር በተወሰነ ሰዓት ውስጥ በረዶ ወይም ፍሪጅ ማግኘት አለበት። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የት፣ መቼና በማን እንደወጣ የሚል ታግ ይታሰራል። ሬስቶራንት የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ታጉ ለ90 ቀን መቀመጥ አለበት። ያን ወረቀት የጻፈው እንግዲህ የእኔ ዓይነት ሰው ነው።

ሌባስ?

አለ። ሌሊት በጀልባ መጥቶ ወለል ላይ የተበተነ ኦይስተር መጫን ከባድ አይደለም። የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ በራዳርና በካሜራ የሚሠራ የጥበቃ መረብ አለው፤ የተያዘም የማውጣት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ከራዳሩ ይልቅ ግን ከላይ የነገርኳችሁ ሽማግሌ ይሻለኛል።

በሽታ ይገድለዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ኤምኤስኤክስና ደርሞ የሚባሉ ሁለት ተውሳኮች አሉ። ሰውን አይነኩም፤ ኦይስተሩን ግን ይፈጃሉ። የሚወዱት ጨው ያለበትን ውሃ ነው፤ ስለዚህ ድርቅ ሲሆን ወደ ላይኛው፣ ጨው ወደሚያንሰው የባሕረ ሰላጤ ክፍል ይወጣሉ። ዝናብ ሲበዛ እነሱ ይሸሻሉ፣ ግን ጨው ሲያንስ ኦይስተሩ ራሱ ይሞታል። 2018 በባልቲሞር እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝናባማው ዓመት ነበር፤ ከላይ ያሉት ሊዞች ብዙ አጡ። ሊዝ ሁለት ቦታ ላይ፣ አንዱ ጨዋማ አንዱ ለዘብ ያለ ውሃ ላይ ቢሆን የሚሉት ለዚህ ነው። አብዛኛው ኬጅ አርቢ የሚጠቀመው ትሪፕሎይድ፣ ማለትም የማይራባውን ዘር ነው፤ ጉልበቱን ለእንቁላል ስለማያወጣ ቶሎ ይደርሳል።

እኛ አንበላውም። ማርባቱስ?

በዘሌዋውያን «ክንፍና ቅርፊት» የሌለው የውሃ ፍጥረት የተከለከለ ነውና፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ዘመዴ ሁሉ ይህን ሳይጠይቀኝ አያልፍም። እኔ እሸጣለሁ እንጂ አልበላም፤ ጣዕሙን የሚነግረኝ ሸሪኬ ነው። የቀረውን ለንስሐ አባትዎ።

ቨርጂኒያ ይቀላል ይላሉ፤ እውነት ነው?

በአንድ በኩል። ቨርጂኒያ የግል ሊዝን ከጥንት ለምዳዋለች፤ በ1890ዎቹ ቤይለር የተባለ ባለሙያ የተፈጥሮ ክምሮቹን ለክቶ ለሕዝብ ሲከለል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው ለሊዝ ቀረ። ኪራዩ በኤከር በዓመት 1.50 ዶላር፣ ዘመኑ 10 ዓመት ነው። ግን ቨርጂኒያ ቢች አጠገብ ሊንሄቨን ወንዝ ላይ የውሃ ዳር ባለቤቶችና ኬጅ ያላቸው አርቢዎች የተጋጩትን ያየ፣ ቨርጂኒያም ጎረቤት እንዳላት ያውቃል።

ከየት ልጀምር?

ሊዝ ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ለሌላ ሰው ተቀጥረው ይሥሩ። ጥር ላይ በረዶ እንዳይወስደው ተንሳፋፊውን ኬጅ ወደ ወለል ማስመጥ፣ ሐምሌ ላይ ገልብጦ ማድረቅ፣ ጓንቱን አልፎ ጣት የሚቆርጠውን ዛጎል መደርደር ምን እንደሆነ ገላዎ ይወቀው። ዘርና ሥልጠና ሲፈልጉ ሜሪላንድ ውስጥ ኬምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ሆርን ፖይንት ላቦራቶሪ አለ፤ በምሥራቁ ጠረፍ ትልቁ የኦይስተር ማስፈልፈያ ነው። ብድር ሲፈልጉ ማርቢድኮ የሚባለው የስቴቱ የእርሻ ልማት ድርጅት ለኦይስተር አርቢ የተለየ ፕሮግራም አለው።

ከዚያ የወደዱትን ቦታ ሁለት ጊዜ ሄደው ይዩት። አንዴ በየካቲት ማክሰኞ ጠዋት፣ ማንም በሌለበት። አንዴ ደግሞ በጁላይ 4 (የነፃነት በዓል) ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። በሁለተኛው ቀን ስንት ጀልባ እንዳለፈ፣ ከየትኛው መትከያ እንደወጣና የማን ገመድ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ በወረቀት ይጻፉ። እኛ በየካቲት ብቻ ነበር ያየነው።